ለማስተማር መጥቶ ተማሪ የሆነው ስፔናዊ

በዚህ ዘመን እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆነ ብዙ ወጣቶች ትምህርታቸውን እንደጨረሱ ሻንጣቸውን ሸክፈው ወደ ስፔን ይነጉዳሉ። እዚያ እንግሊዝኛ ያስተምራሉ፤ እግረ መንገዳቸውንም ቋንቋውን ይማራሉ፣ የአገሬውን ምግብ ይለምዳሉ፣ ከጎረቤት ጋር ያመሻሉ። አንዳንዱ ለአንድ ዓመት ብሎ ሄዶ በዚያው ይቀራል። እኔም እዚህ ሳንጃ እንግሊዝኛ የማስተምር ሰው ስለሆንኩ እንዲህ ያለውን ወሬ ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል። ተማሪዎቼም ቢሆኑ ሰው አገሩን ጥሎ ሊያስተምር የሚሄደው ምን ፍለጋ ነው እያሉ ይጠይቁኛል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆነኛል ብዬ ዛሬ ለአንባቢያን የማወጋው የተቃራኒውን ጎዳና ስለተጓዘ ሰው ነው። ከስፔን ተነስቶ፣ ባሕርና በረሃ አቋርጦ፣ በመጨረሻ ከጎንደር በታች ጣና ዳር ጎርጎራ ላይ ስላረፈው ስለ ፔድሮ ፓኤዝ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳውቅ።

ከኦልሜዳ እስከ የመን እስር ቤት

ፓኤዝ የተወለደው በ1564 ከማድሪድ በስተምሥራቅ በምትገኝ ኦልሜዳ በምትባል ትንሽ የገጠር መንደር ነው። መንደሪቱ በዚያን ጊዜ የምትጠራው የሽንኩርቷ ኦልሜዳ እየተባለች ነበር። በ18 ዓመቱ ገደማ ኢየሱሳውያን ከሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር ገባ። ከ1580 ጀምሮ ስፔንና ፖርቱጋል በአንድ ንጉሥ ሥር ስለነበሩ፣ ስፔናዊው ወጣት በፖርቱጋሎች መርከብ ተሳፍሮ በ1588 የፖርቱጋሎች የምሥራቅ መናገሻ ወደነበረችው ወደ ሕንዷ ጎዋ ከተማ ደረሰ።

ጎዋ ብዙም አልቆየም። በ1589 መጀመሪያ አንቶኒዮ ሞንሴራቴ ከሚባል በዕድሜ ከሚበልጠው የአገሩ ሰው ጋር ወደ ኢትዮጵያ እንዲሄድ ታዘዘ። ሞንሴራቴ በሕንዱ ንጉሠ ነገሥት በአክበር ቤተ መንግሥት የኖረ፣ ብዙ ያየ ሰው ነበር። ሁለቱም ማንነታቸውን ደብቀው በአረቢያ ጠረፍ ሲያልፉ ግን ተያዙ። ከዚያ በኋላ የሆነው ለጆሮ ይከብዳል። በሐድራሞት በረሃ በእግራቸው ተነዱ፤ ሰንዓ ላይ ለዓመታት ታሰሩ፤ በመጨረሻም ቀይ ባሕር ላይ በሰንሰለት ታስረው መርከብ ቀዘፉ። በገንዘብ ተቤዥተው እስኪለቀቁ ድረስ ሰባት ዓመት ገደማ አለፈ።

በዚህ መከራ መካከል ግን ሰውየው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። አረብኛ ተማረ። በሐድራሞት አንድ ሹም ዘንድ በቀረቡ ጊዜ ከቡና ልጣጭ የተፈላ ትኩስ መጠጥ ቀመሰ፤ ያንንም በጽሑፍ አስቀርቷል። ቡናን ቀምሰው ከጻፉ የመጀመሪያዎቹ አውሮፓውያን አንዱ ተደርጎ የሚቆጠረው በዚህ ምክንያት ነው። የቡናን አገር ሳያይ በፊት ቡናውን ቀመሰ ማለት ነው።

ወደ ጎዋ ሲመለስ ሰውነቱ ተጎድቶ ነበር። ሞንሴራቴ በ1600 ሞተ። ፓኤዝ ግን ሌላ ሙከራ አደረገ። አሁን የአርመን ሰው መስሎ፣ ስሙንም አብደላ ብሎ፣ በስደትና በእስር የተማረውን አረብኛ ስንቅ አድርጎ ተነሳ። በ1603 ሚያዝያ ምፅዋ ገባ፤ በግንቦትም አድዋ አጠገብ ወደምትገኘው ወደ ፍሬሞና ደረሰ። የ39 ዓመት ጎልማሳ ነበር።

የፍሬሞናው መምህር

ፍሬሞና በአባ ሰላማ ፍሬምናጦስ ስም የተሰየመች የፖርቱጋሎች መንደር ነበረች። በ1541 ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ የሚመራቸው 400 ያህል ፖርቱጋላውያን ወታደሮች ከኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂም ጋር በሚደረገው ጦርነት ለመርዳት መጥተው ነበር። ከሞት የተረፉት እዚሁ አግብተው ወለዱ። ፓኤዝ ሲመጣ ያገኛቸው የእነዚያን ወታደሮች ልጆችና የልጅ ልጆች ነው። መልካቸውም አነጋገራቸውም እንደ አገሬው ሆኗል።

እንግዲህ እንደ መምህር ልቤን የሚነካው ይህ የሕይወቱ ክፍል ነው። አዲሱ መምህር ልጆቹን ሰብስቦ በማያውቁት ቋንቋ ማስጮህ ይችል ነበር። እሱ ግን መጀመሪያ ራሱ ለትምህርት ተቀመጠ። አማርኛ ተማረ፤ ለመጻሕፍቱ ደግሞ ግዕዝ ተማረ። ከዚያም በፖርቱጋል ለልጆች ትምህርት የሚያገለግለውን የጥያቄና መልስ መጽሐፍ ወደ አማርኛ አስመለሰና ልጆቹን በሚያውቁት ቋንቋ አስጠናቸው።

ውጤቱ የታየው በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። በ1604 አፄ ዘድንግል ወደ ቤተ መንግሥት አስጠራው። ፓኤዝ ይዟቸው የሄዳቸው ሁለት ልጆች በንጉሡ ፊት ቆመው አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ሲመልስ ንጉሡና መኳንንቱ ተደነቁ። ከዚያም ከአገሬው ሊቃውንት ጋር ክርክር ተደረገ። ሊቃውንቱን ያስገረማቸው ፈረንጅ መከራከሩ አልነበረም፤ የራሳቸውን መጻሕፍት እየጠቀሰ መከራከሩ ነበር።

ዘድንግል ግን ቸኮለ። ወደ ሮም ሃይማኖት ማዘንበሉን በይፋ ማሳየትና ቅዳሜን ማክበር መከልከል ጀመረ። ፓኤዝ ቀስ እንዲል ቢመክረውም አልሰማም። መኳንንቱ በዘሥላሴ መሪነት ተነሱበትና በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በጦርነት ወደቀ። ፈረንጁ መምህር የወደደው ንጉሥ አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሲወድቅ አየ።

ቤት ላይ ቤት

ቀጥሎ ሥልጣኑን ያጠናከረው አፄ ሱስንዮስ ነው። ሱስንዮስ ፓኤዝን ወደደው፤ ጎርጎራ ላይም ቦታ ሰጠው። በዚያን ዘመን ጎንደር ገና ከተማ አልሆነችም። ንጉሡ ከቆጋ ጎርጎራ፣ ከጎርጎራ ደንቀዝ ከነሠራዊቱ ይዘዋወር ነበር።

ፓኤዝ ጎርጎራ ላይ ያደረገው ነገር በአንድ መነኩሴ ላይ አይጠበቅም። ለንጉሡ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት ሊሠራ ተነሳ። ድንጋይ መጥረቢያውን መሣሪያ አሠራሩን እያሳየ አስቀጠቀጠ፤ ሠራተኞቹን ድንጋይ አጠራረብ አስተማረ፤ አናጢውንም ግንበኛውንም አሠለጠነ። ሥራው ሲያልቅ ሰው ከየአካባቢው እየመጣ ያየው ነበር፤ ፎቅን የሚያውቅ ስላልነበረ ቤት ላይ ቤት ይሉት እንደነበር ይነገራል። በኋላም በዚያው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አሠራ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተካከል እወዳለሁ። ዛሬ ጎርጎራ የሚሄድ ጎብኚ ማርያም ግምብ የሚባለውን ፍርስራሽ ሲያይ ብዙ ጊዜ የፓኤዝ ሥራ ነው ይባላል። የዚያ ሕንጻ ዘመን ግን ከእሱ ሞት በኋላ ነው። የስፔን የኮምፕሉተንሴ ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂስቶች ጎርጎራና አዘዞ ላይ ለዓመታት ቆፍረው በ2017 ባሳተሙት ትልቅ መጽሐፍ የእነዚህን ሕንጻዎች ታሪክ በዝርዝር አስቀምጠዋል። የፓኤዝ አገር ሰዎች ከ400 ዓመት በኋላ የፓኤዝን ጎርጎራ ሊቆፍሩ መምጣታቸው ለእኔ ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ነው።

ሳያዩ የጻፈና አይቶ የጻፈ

በ1618 ሚያዝያ ፓኤዝ ከሱስንዮስ ሠራዊት ጋር ወደ ጎጃም ሄዶ ግሽ ዓባይ ደረሰ። ሁለቱን ምንጮች አየ፤ ስፋታቸውንና ጥልቀታቸውን ለካ፤ የአካባቢውንም ሰው ጠየቀ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ግሽ ዓባይ የደረሰው በ1770 ነው፤ ከ152 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ብሩስ የመጀመሪያው እኔ ነኝ ብሎ የፓኤዝን ምስክርነት ለማጣጣል ብዙ ቀለም አፍስሷል። በእርግጥ ምንጩን ለግሽ ሰዎች ማንም ፈረንጅ አላገኘላቸውም፤ ሲጠጡት የኖሩት ነው። ከአውሮፓውያን መካከል አይቶ በዝርዝር በመጻፍ ግን ቀዳሚነቱ የፓኤዝ ነው።

ትልቁን መጽሐፉን ያስጻፈው ደግሞ ሌላ ስፔናዊ ነው። ሉዊስ ደ ኡሬታ የሚባል የቫሌንሲያ መነኩሴ በ1610 ስለ ኢትዮጵያ ወፍራም መጽሐፍ አሳተመ። ሰውየው ኢትዮጵያን ረግጧት አያውቅም። የሰማውን ከምኞቱ ጋር አጋብቶ በወርቅ የተንቆጠቆጠች፣ አምባ ግሸን ላይ ቁጥር ስፍር የሌላቸው መጻሕፍት የተከማቹባት የተረት አገር ፈጠረ። ፓኤዝ መልስ እንዲጽፍ በአለቆቹ ታዘዘና በመጨረሻዎቹ የሕይወቱ ዓመታት ጎርጎራ ቁጭ ብሎ በፖርቱጋልኛ የኢትዮጵያን ታሪክ በአራት ክፍል ጻፈ።

የኡሬታን ወሬ አንድ በአንድ እየነቀሰ፣ እኔ እዚያ ቦታ ሄጃለሁ፣ እገሌን ጠይቄዋለሁ፣ መጽሐፉን አንብቤዋለሁ እያለ ይሄዳል። የነገሥታቱን ዝርዝር ከግዕዝ ገለበጠ፤ ከክብረ ነገሥትና ከገድለ ተክለ ሃይማኖት ተረጎመ። ስለ ጤፉና ስለ እንጀራው፣ ስለ ጣና ታንኳና ጉማሬ፣ ስለ ግብሩና ስለ ሸንጎው ጻፈ። በሃይማኖት ነገር ወገንተኛ መሆኑ ግልጽ ነው፤ የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚያነሳው ሊነቅፍ ነው። ከዚያ ውጭ ግን በዓይኑ ያየው የአገር ኑሮ ዛሬም ለታሪክ አጥኚ ትልቅ ሀብት ነው።

የሚያሳዝነው ግን መጽሐፉ በዘመኑ አለመታተሙ ነው። ሌሎች እየወሰዱ ተጠቀሙበት፤ ሙሉው ጽሑፍ የታተመው በ1905 እና በ1906 ሮም ውስጥ በካሚሎ ቤካሪ አማካይነት ነው። በእንግሊዝኛ የወጣው ደግሞ በ2011 ነው። ሳያይ የጻፈው ወዲያው ታተመ፤ አይቶ የጻፈው ወደ 300 ዓመት ጠበቀ።

ከእሱ በኋላ የመጣው

በ1622 ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት መቀበሉን ገለጠ። ፓኤዝ ይህን አይቶ ብዙም ሳይቆይ በግንቦት ወር በንዳድ ታሞ ጎርጎራ ላይ ሞተ። ዕድሜው 58 ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ 19 ዓመት ኖሯል።

እሱን የተካው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ በ1625 ገባ። ሜንዴስ የተማረ ሰው ነበር፤ የመጣው ግን ሊያዝ እንጂ ሊማር አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት ንጉሡና መኳንንቱ በፊቱ ለሮም ታዛዥነታቸውን በመሐላ አረጋገጡ። ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ክህነት ይቀበሉ ተባለ፤ የጾሙና የበዓሉ ሥርዓት ተለወጠ። አገር በአመፅ ተናጠ። በ1632 በወይና ደጋው ጦርነት በሺዎች የሚቆጠሩ የአንድ አገር ልጆች አለቁ። ሱስንዮስ ድል ቢያደርግም ያንን ሬሳ አይቶ ልቡ ተሰበረ፤ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነገረ፤ ልጁ ፋሲለደስም ዙፋኑን ያዘ። ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ። ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን ቆረቆረ፤ ለረጅም ጊዜም ፈረንጅ በጥርጣሬ የሚታይ ሆነ።

ታሪኩን እንዲህ ስናገር ፓኤዝ ጻድቅ፣ ሜንዴስ ኃጥእ ነው ለማለት አይደለም። ፓኤዝም የመጣው የአገሩን ሰው ሃይማኖት ሊያስለውጥ ነው፤ ቀስ ያለው አካሄዱም ወደዚያው የሚያደርስ ነበር። እሱ በሕይወት ሳለም ደም ፈስሷል፤ በ1617 አቡነ ስምዖንና የንጉሡ አማች ዩልዮስ በዚሁ ሰበብ ተነስተው በጦርነት ተገድለዋል። እንዲያውም የፓኤዝ ጨዋነት በሩን ባይከፍት ኖሮ ሜንዴስ ባልገባ ነበር ብሎ የሚከራከር ቢኖር ክርክሩ ውኃ የሚያነሳ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ለ19 ዓመት ሰው ፓኤዝን የሰማው በቋንቋው ስላናገረው፣ መጽሐፉን ስላነበበለት፣ ድንጋዩን አብሮት ስለጠረበ ነው። ይህ ሁሉ በሌለበት የመጣው ፓትርያርክ የተገነባውን በሰባት ዓመት ውስጥ አፈረሰው።

ከእኛ የሄዱት

ጎዳናው የአንድ አቅጣጫ ብቻ አልነበረም። ካቶሊኮቹ ሲባረሩ አብረው ከወጡት አንዱ የአማራ መካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። ሮም ላይ ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ አገኛቸው፤ በ1652 ጀርመን አገር ጎታ ድረስ ሄደው አስተማሩት። መጀመሪያ የተግባቡት በግዕዝ ነው። ሉዶልፍ በኋላ ያሳተማቸው የግዕዝና የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያለ አባ ጎርጎርዮስ አይታሰቡም። የቤጌምድሩ ሰው አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ደግሞ በ1905 በርሊን ሄደው በምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት አማርኛና ግዕዝ አስተምረዋል፤ የግዕዝ አነባበባቸውም ለጀርመን ሊቃውንት ምርምር መሠረት ሆኗል። ዛሬ ሰው እንግሊዝኛ ሊያስተምር ስፔን ይሄዳል ሲባል እንገረማለን እንጂ፣ የእኛም ሰዎች ቋንቋቸውን ይዘው ሰው አገር ሄደው አስተምረዋል።

ወደ ራሳችን ቀዬ ስመለስ፣ የሰው አገር ለመሄድ የግድ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ከደጋ ወደ ሳንጃ የሚመደብ አዲስ መምህር በደረሰ ሳምንቱ ሙቀቱ ያስጨንቀዋል፣ ወባው ያስፈራዋል፣ የማሽላው እንጀራ ይከብደዋል። ብዙው መምጣቱን ሳያጣጥም የዝውውር ማመልከቻ መጻፍ ይጀምራል፤ አልፈርድበትም፣ ቆላው በእርግጥ ይከብዳል። ግን ሁለት ዓይነት መምህር አይቻለሁ። አንዱ ከትምህርት ቤት ወደ ክራይ ቤቱ፣ ከክራይ ቤቱ ወደ ትምህርት ቤት እየተመላለሰ ዓመቱን ይቆጥራል። ሌላው በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ተማሪው ለምን እንደሚቀር ለማወቅ እርሻው ድረስ ይሄዳል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ የአርማጭሆን ሰው አነጋገር ይለምዳል። የሁለቱ ተማሪዎች ውጤት ለምን እንደሚለያይ ለመረዳት ጥናት አያሻም። ሁለተኛው መምህር እንግሊዝኛውን ሲያስረዳ ምሳሌ የሚያመጣው ልጁ ከሚያውቀው ማሳ ነው፤ ልጁም ይገባዋል።

ተማሪዎቼ ሰው አገሩን ጥሎ ሊያስተምር የሚሄደው ምን ፍለጋ ነው ሲሉኝ፣ የሄደበት ምክንያት ብዙ ሊሆን ይችላል እላቸዋለሁ። ፓኤዝ ነፍስ ፍለጋ መጣ፤ አለቃ ታዬ ተልከው ሄዱ፤ የዛሬው ወጣት እንጀራም ጀብዱም ይፈልጋል። ከዚህ ሁሉ የሚተርፈው ግን በደረሰበት አገር የተማረው ነው። ፓኤዝ ሊያስለውጠው የመጣው ሃይማኖት ከሞተ በ10 ዓመቱ ተቀለበሰ፤ ያሠራው ቤት ፈረሰ። ጎርጎራ ተቀምጦ ከኢትዮጵያውያን የተማረው ግን በመጽሐፉ ውስጥ እስከ ዛሬ አለ።

ሳንጃም ሆነ ስፔን፣ ለማስተማር ለምትነሱ ሁሉ መንገዱ ይቅናችሁ። ደብተር ስትይዙ ታዲያ ሁለት ያዙ፤ አንዱን ለምታስተምሩት፣ አንዱን ለምትማሩት። ቸር ይግጠመን!